በወረቀት የሚከስሩ ባለጸጎች

ጄፍ ቤዞስ በ2011 ለአሜሪካ መንግሥት ያቀረቡት የግብር ማስታወቂያ የሚያሳየው ኪሳራ ነበር። በዚያ ዓመት የአማዞን መሥራች ሀብት 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ከኢንቨስትመንት ደረሰብኝ ብለው ያስመዘገቡት ኪሳራ ግን የዓመት ገቢያቸውን በሙሉ ውጦ ስላለፈ የፌዴራል የገቢ ግብር አልከፈሉም። በዚያ ላይ ለልጆች የሚታሰበውን ክሬዲት ጠይቀው 4,000 ዶላር ተቀበሉ። ክሬዲቱ በዚያን ጊዜ ለአንድ ልጅ 1,000 ዶላር ሲሆን የታሰበውም ገቢያቸው ከተወሰነ ልክ ለማያልፍ ወላጆች ነበር። በወረቀቱ ላይ ቤዞስ ከዚያ ልክ በታች ነበሩ። ይህ የታወቀው ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኞች ተቋም እጁ የገቡትን የግብር ሰነዶች መርምሮ በ2021 ባወጣው ዘገባ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው 2011 ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እህታችን ግብሯን የከፈለችው ገንዘቡን ሳታየው ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቼኳ እጇ ከመግባቱ በፊት ተቆርጧል። እሷም በዓመቱ መጨረሻ የልጆቿን ክሬዲት ጠይቃለች። ሁለቱም የተከተሉት አንድ ሕግ ነው፤ ከሁለቱ ሕግ የጣሰ የለም። ታክስ ማሠሪያ ወቅት በመጣ ቁጥር ከወገኖቻችን የምሰማው ግን «ሀብታም ሰርቆ ነው የማይከፍለው» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ አልሰረቀም። ነገሩ ሕጋዊ በመሆኑ ይመስለኛል ይበልጥ ልናውቀው የሚገባን፤ ሌባ ይያዛል፣ ሕግ ግን የሚለወጠው የሚያውቀው ሰው ሲበዛ ነው።

በእኛ ቋንቋ ኪሳራ ከባድ ቃል ነው። ነጋዴ ከሰረ ሲባል ሱቁ ታሽጎ፣ ዕቃው በአበዳሪ ተወስዶ፣ ቤተሰቡ ዘመድ ዘንድ ተጠግቶ ነው የሚታየን። በአሜሪካ የግብር ሕግ ኪሳራ የሒሳብ ውጤት ነው። ሕጉ ይቀነስ ያለው ወጪ ሕጉ ገቢ ብሎ ከቆጠረው ገንዘብ ሲበልጥ ልዩነቱ ኪሳራ ይባላል። ይቀነስ ከተባለው ወጪ ውስጥ ደግሞ በዚያ ዓመት ከማንም ኪስ ያልወጣ አለበት። የነገሩ ቁልፍ ይህ ስለሆነ በአንድ ቤት እናስላው።

አንዲት ነጠላ ነርስ በዓመት 90,000 ዶላር ደሞዝ አላት እንበል። ሜሪላንድ ውስጥ በ500,000 ዶላር የገዛችውን ቤት በወር 2,800 ዶላር ታከራያለች፤ በዓመት 33,600 ይሆናል። የባንክ ወለድ፣ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ተደምረው 27,000 ዶላር ይወስዱባታል። 6,600 ዶላር ተረፋት ማለት ነው። ለዋናው ብድር የምትከፍለውን እዚህ አልቆጠርኩም፤ እሱ ዕዳዋን እየቀነሰ የራሷ ሀብት የሚሆን ገንዘብ ነው።

አሁን ወረቀቱ ይምጣ። ሕጉ ቤት ያረጃል፣ መሬት አያረጅም ይላል። ከቤቱ ዋጋ ውስጥ የመሬቱ ድርሻ 100,000 ዶላር ቢሆን የቀረው 400,000 ለሚከራይ መኖሪያ ቤት በተደነገገው 27 ዓመት ተኩል ይካፈላል። በዓመት 14,545 ዶላር ይደርሳል። ይህ የእርጅና ቅናሽ ይባላል። ለማንም የከፈለችው ገንዘብ አይደለም፤ ሕጉ ግን እንደ ወጪ ይቆጥርላታል። ከ6,600 ላይ 14,545 ሲቀነስ 7,945 ዶላር ኪሳራ ይመጣል። ኪሳራው ከነርስነት ደሞዟ ላይ ተቀንሶ፣ በ22 በመቶ ተመን ሲታሰብ፣ 1,748 ዶላር ገደማ ግብር ይቀርላታል። ቤቱ በዚያው ዓመት ዋጋው ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ኪራይ ሰብስባለች፣ ንብረቷ አድጓል፣ በወረቀት ከስራለች። ሦስቱም እውነት ናቸው።

ለእሷ ግን ገደብ አለ። ከደሞዟ ላይ መቀነስ የምትችለው የኪራይ ኪሳራ በዓመት ቢበዛ 25,000 ዶላር ነው። ገቢዋ ከ100,000 ዶላር ሲያልፍ ይህ መብት እየጠበበ ይሄድና 150,000 ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ በላይ ኪሳራው አይጠፋም፤ ሌላ የኪራይ ትርፍ እስክታገኝ ወይም ቤቱን እስክትሸጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። እንግዲህ አሠራሩ ለመካከለኛ ገቢ የተተወ ይመስላል። ሀብታሙ በየት በኩል ገባ?

ገደቡ የመጣበትን ታሪክ ማየት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደሞዛቸው ከፍ ያለ አሜሪካውያን፣ በተለይ ሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች፣ አይተውት ከማያውቁት የከብት እርባታ፣ ከነዳጅ ቁፋሮ፣ ሆሆባ ከሚባል የበረሃ ተክል እርሻ ድርሻ ይገዙ ነበር። የሚገዙት እርሻውን ሳይሆን ኪሳራውን ነበር። አንድ ዶላር አስገብቶ ሁለትና ሦስት ዶላር የወረቀት ኪሳራ የሚሰጥ ሽርክና ገበያ ላይ ነበረ። ፕሬዚዳንት ሬገን በጥቅምት 1986 የፈረሙት ትልቁ የግብር ሕግ ይህን በር ዘጋው። ሕጉ ገቢን በተለያየ ቋት ከፋፈለ፦ ደሞዝና ራስ የሚሠሩበት ንግድ ለብቻ፣ ባለቤቱ በዕለት ሥራው የማይሳተፍበት ሽርክናና ኪራይ ለብቻ፣ አክሲዮንን የመሰለ ኢንቨስትመንት ለብቻ። የሁለተኛው ቋት ኪሳራ ወደ ሌሎቹ እንዲሻገር አይፈቀድም። ለነርሷ የተሰጠው የ25,000 ዶላር ፈቃድ ከዚህ ደንብ የወጣ ትንሽ ቀዳዳ ነው።

ትልቁ ቀዳዳ በ1993 ተከፈተ። ከሥራ ሰዓቱ ከግማሽ በላዩን፣ በዓመትም ከ750 ሰዓት በላይ፣ ለሪል እስቴት ሥራ የሚያውል ሰው የኪራይ ኪሳራውን ካለው ገቢ ሁሉ ላይ ሊቀንስ ይችላል ተባለ። ሆስፒታል ሙሉ ቀን የምትሠራው ነርስ ይህን አታሟላም፤ ሰዓቷ በደሞዝ ሥራ ተይዟል። ሕንፃ ማልማት ሥራው የሆነ ሰው ያሟላል። ባልየው በዓመት ግማሽ ሚሊዮን የሚያገኝ ሐኪም ሆኖ ሚስቱ ቤቶቹን የምታስተዳድርለትም ያሟላል፤ አብረው ካስገቡ የእሷ ሰዓት ለሁለቱም ይሠራል። በዚያ ላይ 27 ዓመት ተኩል መጠበቅ የለም። መሐንዲስ ተቀጥሮ ሕንፃውን በወረቀት ይፈታታዋል፦ ምንጣፉ፣ ምድጃው፣ አጥሩ፣ የመኪና ማቆሚያው አስፋልት እያንዳንዱ አጭር ዕድሜ ይሰጠዋል። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጥር 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገኘ እንዲህ ላለ ንብረት ሙሉ ዋጋውን በመጀመሪያው ዓመት መቀነስን ቋሚ አድርጓል። ባንክ ካበደረው ገንዘብ ጭምር ነው የሚቀነሰው። የራስን 20 ዶላር አውጥቶ 80 ተበድሮ፣ እርጅናውን ከመቶው ላይ ማሰብ ይቻላል።

ሕንፃ በእርግጥ ያረጃል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቧንቧው ይፈነዳል። ከሁሉ የከነከነኝ የስፖርት ክለብ ነው። የቀድሞው የማይክሮሶፍት ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር በ2014 ክሊፐርስ የተባለውን የሎስ አንጀለስ የቅርጫት ኳስ ክለብ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዙ። በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት ክለብ የገዛ ሰው የግዢውን ዋጋ ከሞላ ጎደል በሙሉ በ15 ዓመት ከፋፍሎ እንደ ወጪ ይቀንሳል። 2 ቢሊዮን ለ15 ሲካፈል በዓመት 133 ሚሊዮን ይሆናል። የተጫዋቾች ውል፣ የቴሌቪዥን ስርጭት መብት፣ የክለቡ ስም፣ ሁሉም እንደሚያልቅ ዕቃ ይቆጠራል። የክለቡ ገበያ ዋጋ ግን ከተገዛ ወዲህ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አልታየም። ባልመር ከክለቡ ያስመዘገቡት ኪሳራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደርሷል።

ፕሮፐብሊካ በ2021 በአንድ አዳራሽ የሚገናኙ ሦስት ሰዎችን የ2018 ግብር አነጻጽሮ ነበር። ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስ 124 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቶ 35.9 በመቶ ከፈለ። ባልመር 656 ሚሊዮን አስመዝግበው 12 በመቶ ከፈሉ። በዚያው አዳራሽ ምግብና መጠጥ ታቀርብ የነበረች ሠራተኛ ከ44,810 ዶላር ገቢዋ 14.1 በመቶ ከፈለች።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቢል ቪክ የሚባሉ የቤዝቦል ክለብ ባለቤት በ1940ዎቹ ተጫዋቾችን እንደ ፋብሪካ ማሽን የሚያረጅ ንብረት ብሎ የማስቆጠርን ዘዴ ጀመሩ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው፦ የሚያረጀው የተጫዋቹ ጉልበት ሆኖ ሳለ ቅናሹ የሚታሰበው ለባለቤቱ ነው። ተጫዋቹ ለራሱ ጉልበት፣ መጦሪያ ቤት ሕመምተኛ የምታነሳው እህታችን ለራሷ ወገብ፣ የእርጅና ቅናሽ የሚሞሉበት መስመር ቅጹ ላይ የለም።

ሌላው መንገድ አክሲዮን ነው። ሁለት ኩባንያ ላይ ገንዘብ አስገብተው በአንዱ 10,000 ዶላር ቢያተርፉና በሌላው 10,000 ቢከስሩ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ከሸጡ ትርፉና ኪሳራው ይጣፋና ግብር የለም። እስከዚህ ፍትሐዊ ነው። ትርፍ የሌለው ሰው ግን ከደሞዙ ላይ መቀነስ የሚችለው የአክሲዮን ኪሳራ በዓመት 3,000 ዶላር ብቻ ነው። ይህ ቁጥር ከ1978 ጀምሮ አልተነካም፤ በዚያን ጊዜ 3,000 ዶላር የሚገዛውንና ዛሬ የሚገዛውን አስቡት። 10,000 የከሰረ ሠራተኛ ኪሳራውን አጣፍቶ ለመጨረስ አራት ዓመት ይፈጅበታል። ብዙ የሚሸጥ ትርፋማ ንብረት ላለው ሰው ግን ትርፍን በኪሳራ ለማጣፋት ጣሪያ የለም፤ በአንድ ቀን 50 ሚሊዮኑን በ50 ሚሊዮን ያጠፋል።

ስለዚህ ለእሱ ኪሳራ የሚለቀም ምርት ነው። ባለሙያዎቹም የሚጠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ «የኪሳራ አዝመራ» ይሉታል፣ እንደ ሰብል የሚታጨድ። ገንዘብ አስተዳዳሪው አንድ ፈንድ በመግዛት ፈንታ በውስጡ ያሉትን በመቶ የሚቆጠሩ ኩባንያዎች አንድ በአንድ ይገዛል። ገበያው በጠቅላላ ባደገበት ዓመት እንኳ ከመቶዎቹ ውስጥ የወደቁ አይጠፉም። የወደቁት ይሸጡና ኪሳራው ይመዘገባል፣ ያደጉት አይነኩም። መንግሥት ይህን አስቀድሞ ስላሰበ ከ1921 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አለ፦ ከሽያጩ በፊትም ሆነ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ያንኑ ወይም በእጅጉ የሚመሳሰለውን አክሲዮን ከገዙ ኪሳራው ለጊዜው አይቆጠርልዎትም። ምን ያህል ሲመሳሰል ነው «በእጅጉ» የሚባለው? ሕጉ በግልጽ አላስቀመጠውም። ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ ሁለት ዓይነት አክሲዮኖች ነበሩት፤ አንዱን በኪሳራ ሸጦ ሌላውን መግዛት የተለመደ ነበር። ፕሮፐብሊካ በ2023 እንደዘገበው ባልመር በእንዲህ ያለው መንገድ ከ2014 እስከ 2018 ያጠራቀሙት ኪሳራ 579 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

ኪሳራ የሚያስተላልፉት ነገር መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዶናልድ ትራምፕ በ1995 ያስመዘገቡት ኪሳራ 916 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2016 ይፋ አድርጎታል። ይህኛው ከወረቀት ያለፈ ነው፤ የአትላንቲክ ሲቲ ካሲኖዎቻቸው፣ የአየር መንገዳቸውና ፕላዛ የተባለው ሆቴል በእርግጥ ችግር ላይ ወድቀው ነበር። ነገር ግን የዚያን ጊዜው ሕግ ኪሳራን ሦስት ዓመት ወደ ኋላ፣ 15 ዓመት ወደ ፊት መጠቀምን ይፈቅድ ስለነበር አንድ መጥፎ ዘመን የ18 ዓመት ግብር ሊሸፍን ይችል ነበር። ዛሬ የንግድ ኪሳራን ያለ ጊዜ ገደብ ወደ ፊት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ለውጡ በየዓመቱ ከገቢው 80 በመቶውን ብቻ እንዲያጠፋ መደረጉ ነው። ሥራ አጥቶ ስድስት ወር ቤቱ የተቀመጠ ሠራተኛ ያጣውን ደሞዝ ወደ መጪው ዓመት የሚያስተላልፍበት ደንብ የለም።

አሁን ወደ ክሬዲት። ክሬዲት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ካርዱ ወይም ስኮሩ ነው፤ በግብር ቋንቋ ግን ከተሰላው ግብር ላይ በቀጥታ የሚነሳ ገንዘብ ነው። እስካሁን ያየነው ኪሳራም ሆነ ሌላ ተቀናሽ የሚቀንሰው ገቢን ነው። 1,000 ዶላር ተቀናሽ በ22 በመቶ ተመን ላይ ላለችው ነርስ የ220 ዶላር ዋጋ አለው፤ 37 በመቶ ለሚከፍል ሀብታም 370 ዶላር ያወጣለታል። ክሬዲት ግን 1,000 ከሆነ ለሁለቱም ያው 1,000 ነው። በዚህ በኩል ክሬዲት ከተቀናሽ ይልቅ ሚዛናዊ ነው። ጥያቄው ለምን ሥራ እንደሚሰጥ ነው።

ዲሲ ታክሲ የነዳ ወንድማችን ሁሉ ፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ ያለውን የድሮ ፖስታ ቤት ያውቀዋል፤ በ1899 የተከፈተው፣ ባለ ሰዓት ማማው ሕንፃ። ትራምፕ ከመንግሥት ተከራይተውት አድሰው በ2016 ሆቴል አድርገው ከፈቱት፤ በ2022 ደግሞ የኪራይ መብቱን ሸጡ። የፌዴራል ሕግ በታሪካዊነት የተመዘገበ ሕንፃ አድሶ ለንግድ ለሚያውል ሰው የእድሳቱን ወጪ 20 በመቶ በክሬዲት ይሰጣል። ዓላማው መልካም ነው፤ ያለዚያ ብዙ የድሮ ሕንፃ ፈርሶ በቦታው የመስታወት ሣጥን ይቆም ነበር።

በ2017 የትራምፕ የመደበኛ ገቢ ግብር በኪሳራዎቻቸው ምክንያት ዜሮ ነበር። ነገር ግን ሌላ መረብ አለ። በጥር 1969 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆሴፍ ባር ለኮንግረስ ሲናገሩ፣ በአንድ ዓመት ከ200,000 ዶላር በላይ ያገኙ 155 ሰዎች ምንም የፌዴራል ገቢ ግብር አልከፈሉም፣ ከነሱም 21ዱ ሚሊየነሮች ናቸው አሉ። ሕዝቡ ተቆጥቶ የደብዳቤ ጎርፍ ላከ፤ በዚያው ዓመት ቅናሽ ቢበዛም ቢያንስ ይህን ያህል ክፈል የሚል ዝቅተኛ ግብር ተደነገገ። ይህ መረብ፣ ዛሬ በተሻሻለ መልኩ፣ ትራምፕን በ2017 ይዟቸው ነበር፤ 7.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሰላባቸው። ከዚያ የንግድ ክሬዲቶች መጡ። ከነሱ ቢያንስ ከፊሉ ከድሮው ፖስታ ቤት እድሳት ጋር የተያያዘ ነበር። ክሬዲቶቹ 7.4 ሚሊዮኑን አንስተው 750 ዶላር አስቀሩት። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2020 የዘገበው፣ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴም በታኅሣሥ 2022 ሰነዶቹን ይፋ ሲያደርግ የታየው ይህ ቁጥር ነው። በ2018 ግን አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ከፍለዋል፤ በ2020 ደግሞ ዜሮ።

ስለዚህ ኪሳራ የመጀመሪያውን ግብር ያጠፋል፣ መረቡ የያዘውን ደግሞ ክሬዲት ይፈታል። ሁለቱን ለያይቶ የሚያይ ሰው ምሥጢሩን ያጣዋል። ክሬዲት እንደ ዕቃም ይሸጣል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤት ለሚሠሩ ከ1986 ጀምሮ የሚሰጠው ክሬዲት በአብዛኛው የሚደርሰው ገንዘቡን ለሚያቀርቡት ባንኮች ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ የንጹሕ ኃይል ክሬዲትን ያገኘ ድርጅት ግብሩ ላይ ካላዋለው ለሌላ በጥሬ ገንዘብ እንዲሸጥ ፈቀደ። ገዢው ከአንድ ዶላር በታች ከፍሎ የአንድ ዶላር ግብር ያጠፋል።

የድሃውን ክሬዲት እንይ። ዝቅተኛ ደሞዝ ለሚያገኙ ሠራተኞች ከ1975 ጀምሮ የሚሰጥ ክሬዲት አለ፤ በ2024 ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ላለው እስከ 7,830 ዶላር ይደርስ ነበር። ብዙ የእኛ ቤተሰቦች የቤት ኪራይ ውዝፋቸውን የሚከፍሉት በዚህ ነው። ሊሸጡት፣ ለከርሞ ሊያስተላልፉት አይችሉም። ልጁ ከግማሽ ዓመት በላይ ከእርስዎ ጋር መኖሩን በትምህርት ቤት ወይም በሐኪም ደብዳቤ አረጋግጡ ሊባሉ ይችላሉ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ጥቁር ግብር ከፋዮች ከሌሎች ከ3 እስከ 5 እጥፍ ገደማ ይበልጥ ኦዲት እንደሚደረጉ አሳየ፤ ዋናው ምክንያትም ይህን ክሬዲት የሚጠይቁ ሰዎች የሚመረመሩበት አሠራር ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በዚያው ዓመት ልዩነቱ እውነት መሆኑን አምነዋል። የአንድ እናት ማስታወቂያ በአጭር ደብዳቤ ይመረመራል፤ የአንድ ቢሊየነር ደግሞ መቶ ሽርክና ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ ዓመታትና ብዙ ባለሙያ ይፈልጋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ አሳዛኝነቱንም መደበቅ አልፈልግም።

እዚህ ላይ ለወገኖቼ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከላይ ያለውን በጆሮ ጠገብ የሰሙ አንዳንድ ታክስ ሠሪዎች ለደንበኛቸው የሌለ ንግድ ፈጥረው፣ የሌለ ኪሳራ ጽፈው ሪፈንዱን ከፍ ያደርጉለታል። እኔም አንድ ጊዜ በማላውቀው «የጽዳት ሥራ» ከስሬ ማስታወቂያዬ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ ሳልፈርም ስላነበብኩት ተረፍኩ። የሚጠየቀው ፈራሚው ነው። ከላይ ያየነውን የሠራተኞች ክሬዲት በማጭበርበር የወሰደ ሰው ለ10 ዓመት ይከለከላል፤ በግዴለሽነት ከሆነ ለሁለት። እውነተኛው መብት ደግሞ ትንሽ አይደለም። ኡበር የሚነዳ ሰው በ2025 ለሥራ ለነዳው ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ይቀንሳል፤ 30,000 ማይል ከነዳ 21,000 ዶላር ነው። በዚያ ሒሳብ ውስጥ የመኪናው እርጅና አለበት። ማይሉን በየቀኑ መመዝገብ ብቻ ይጠይቃል።

የእርጅና ቅናሽ ግን ዕዳ ነው መባል አለበት። ዛሬ በእርጅና የተቀነሰው ንብረቱ ሲሸጥ እንደ ትርፍ ይመለሳል። የዛሬ ቅናሽ የነገ ግብር ነው፣ ስለዚህ መንግሥት አልተጎዳም ይላሉ የሚከራከሩለት። ክርክሩ የሚይዘው የሚሸጥ ሰው ላይ ነው። ሀብታሙ አይሸጥም። የአክሲዮኑ ወይም የሕንፃው ዋጋ ስላደገ ብቻ ገቢ አይባልም፤ ገንዘብ ሲያስፈልገው ያንኑ አስይዞ ይበደራል፣ ብድር ደግሞ ገቢ አይደለም። ሕንፃውን በሌላ ሕንፃ ቢለውጥ ግብሩ ይተላለፋል። ከዚያ ይሞታል። ሲሞት የወራሾቹ መነሻ ዋጋ በሞቱ ቀን ያለው የገበያ ዋጋ ይሆናል፤ ያጠራቀመው ትርፍና የተቀነሰው እርጅና በገቢ ግብር በኩል ይረሳል። የውርስ ግብር የሚባል ሌላ አለ፤ የሚጀምረው ግን በ2025 ለአንድ ሰው ከ13.99 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ከ15 ሚሊዮን በላይ ነው።

ይህ የመጨረሻው ደንብ ለነርሷም እኩል ይሠራል፤ ብዙ እናቶቻችን ግን ባለማወቅ ያጡታል። ቤቱን 20 ዓመት አከራይታ 290,900 ዶላር እርጅና ቀንሳለች እንበል። መነሻ ዋጋዋ 209,100 ቀርቷል፤ ቤቱ ዛሬ 900,000 ያወጣል። ብትሸጠው 690,900 ዶላር ትርፍ ይታሰብባታል፤ ከዚህም የእርጅናው ድርሻ እስከ 25 በመቶ ግብር አለበት። ልጇን ስለምትወድ በሕይወት ሳለች የቤቱን ወረቀት ወደ ልጇ ስም ብታዞር፣ ያ 209,100 አብሮ ወደ ልጇ ይሄዳል፤ ልጅቷ ስትሸጠው የእናቷን የ20 ዓመት ግብር ትከፍላለች። ቤቱ በእናቷ ስም ቆይቶ በኑዛዜ ቢደርሳት ግን መነሻው 900,000 ነው። በወሩ በዚያው ዋጋ ብትሸጠው ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ዜሮ ነው።